ደሴቷን የዞርንበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ከጠዋት ሺፍት ገባሁ። እግሬ አብጧል። ሚስተር ኬን ዛሬም ምሳውን እምቢ አለ። ማንኪያ ይዤ ሃያ ደቂቃ ቆሜ፣ «ራስሽ ብዪው» አለኝ። ሳቅኩ። ሳኒቬል ያለው የአረጋውያን ኬር ሆም ሥራ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ፤ የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ልብስ አጠብኩ። ለእማዬ ደወልኩ። ኮምቦልቻ ዝናቡ ቀርቷል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የጎረቤት ዶሮ ጎመኗን ጨርሶታል። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ስለ ሙሀሲን። «ያ ዝርክርክ ወንድምሽ ወረቀቱን አገኘ?» አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺው ጥያቄ። ገና ነው አልኳት። «እሱ እኮ ሲፈጠርም ዝርክርክ ነው። ምናለ አንቺን ቢመስል!»

ደስ አለኝ። ክፉ ነኝ? እማዬ ስታመሰግነኝ አሁንም ደስ ይለኛል።

ወደ አመሻሹ ራሱ ሙሀሲን ደወለ። ኦክላንድን በሳይክሉ ሲያካልል፣ ምግብ ሲያደርስ ውሎ። «እትዬ፣ ቅዳሜ ኦፍ የምትሆኚው መቼ ነው?» ሳይክል ሊያስነዳኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው እኮ! አምና አላሜዳ ወስዶ አስተማረኝ፤ መታጠፍ ግን እስከዛሬ አልሆነልኝም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

የሙሀሲን የጥገኝነት አፒል ውድቅ ሆነ።

ጠበቃዋ ለእሱ ኮል አደረገች፣ እሱ ለእኔ። መንገድ ላይ ነበር፤ የአውቶብስ ድምፅ ይሰማል። «እትዬ፣ አበቃ።» ምኑ? «ኬዙ።» ከዚያ «ቆይ፣ የሰው ምግብ ሊቀዘቅዝብኝ ነው» ብሎ ዘጋው።

ጁን 10 ሳንፍራንሲስኮ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቅረብ የሚል ሌተርም አለ። አንዳንዱ ገብቶ ይወጣል፣ አንዳንዱን እዚያው ያስቀሩታል ብላዋለች ጠበቃዋ። እኔ ሲትዝን ነኝ፣ ለወንድሜ ፋይል ማድረግ እችላለሁ፤ ወረፋው ግን አስራ ምናምን ዓመት። እስከዚያ የት ሆኖ ይጠብቅ?

እሑድ፣ ሜይ 11

ውሳኔውን ላከልኝ። አስራ ሁለት ገጽ። ቁርስ ሳልበላ ተቀመጥኩበት።

ገጽ ሰባት። አመልካቹ በጽሑፍ ቃሉ የታሰረው ሴፕቴምበር 5 ነው ብሏል፤ በችሎት ግን ሴፕቴምበር 15 አለ፤ የምስክሩም ደብዳቤ 15 ይላል፤ ስለዚህ ቃሉ አይታመንም።

ከቁም ሳጥን የድሮውን ፋይል አወጣሁ። በራሱ እጅ በአማርኛ የጻፈው አለ። «መስከረም 5 ቀን 2005 ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ያዙኝ» ይላል። እንግሊዝኛውን አየሁ። ሴፕቴምበር 5። ከሥሩ የተርጓሚ ስምና ፊርማ።

የእኔ ፊርማ።

መስከረም አምስት ሴፕቴምበር አስራ አምስት ነው። ይሄ የሚጠፋው ሰው አለ? መስከረምን ሴፕቴምበር ብዬ፣ ቁጥሩን እንዳለ አስቀመጥኩት። ያን ሳምንት ደብል ሺፍት ነበርኩ? እንቅልፍ ይዞኝ ነበር? ምን ነክቶኝ ነው? «ተርጓሚ ምን ያደርግልሃል፣ እኔ አለሁ አይደል?» ያልኩትም እኔ ነኝ።

ለምን ተለያየ ብለው ሲጠይቁት የመለሰው እዚያው ተጽፏል። «የእኔ ስህተት ነው።»

ያውቃል? ወይስ የእውነት የራሱ መስሎት ነው?

ሰኞ፣ ሜይ 12

ደወለ። አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

አላሜዳ ሄድን። የድሮው የባሕር ኃይል አየር ማረፊያ፤ የጦር አውሮፕላን የሚያርፍበት የነበረ አስፋልት። በየስንጥቁ ሣር በቅሎበታል፤ ሰፊ ነው፣ ጭር ያለ ነው። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።

አልነገርኩትም። ልጀምር ስል «ፍሬን! እትዬ፣ ፍሬን!» ይላል። ሣሩ ውስጥ ወደቅኩ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው አይመስልም፤ እንደ ልጅ ነው የሚስቀው። እንዲህ እየሳቀ ምን ልበለው?

ስልኩ ላይ ካርታ አሳየኝ። ኤንጅል አይላንድ። ባሕረ ሰላጤው መሃል ያለች ደሴት፤ መኪና የለም፣ ዙሪያዋ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ በሳይክል ትዞሪያታለሽ። «የድሮ ወታደር ሰፈር አለ፣ የታመመ መርከበኛ የሚያቆዩበት ነበረ፣ ሌላም አለ።» ያ የታሪክ አስተማሪነቱ እንደማይለቀው… ኮምቦልቻም ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ተራራ ለተራራ ሲያዞራቸው ይውል ነበር። «እዚህ አገር መጥቼ በሳይክሌ ያልደረስኩባት እሷ ብቻ ናት። ከቀጠሮው በፊት እንሂድ።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።

እሑድ፣ ሜይ 25

ለእማዬ የአፒሉን ነገርኳት። ቀጠሮውን ግን አልነገርኳትም።

«አላልኩሽም?» አለች። «ልጅ ሆኖም ደብተሩን ጥሎ ነው የሚመጣው። በሥነ ሥርዓት ቢጽፍ፣ ቢያስረዳ፣ እነዚያ ሰዎች ምን ጠላት ናቸው? አንቺ በአራት ዓመት አይደል የጨረስሽው?»

አዎ አልኩ። አፌ «አዎ» አለ።

ዓርብ፣ ጁን 6

ዒድ። የአረፋ ሰላት ሰግደን ኦክላንድ እነ ሙሀሲን ቤት ዋልን። አብሮት የሚኖረው ባህረዲን፣ ታክሲ የሚነዳው የወረባቦው ልጅ፣ ሥጋውን ጠብሶ ጠበቀን። ስለ ማክሰኞው ቀጠሮ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዱዓ ላይ ባህረዲን «ያ ረብ፣ ይህን ልጅ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አሚን አልን።

እሑድ፣ ጁን 8

ትናንትን በቅጡ ልጻፈው። አንድም ነገር እንዳይጠፋብኝ።

ከሳን ሆዜ በጠዋት ባርት ባቡር ያዝኩ። እሱ ኦክላንድ ላይ ሳይክሉን ይዞ ገባ። ሳንፍራንሲስኮ ወርደን ፌሪ ተሳፈርን። ጉም ነበር፣ ብርድ ነበር። ሰው ሁሉ ለሽርሽር ነው የሚሄደው፤ ልጆች፣ የምግብ ሣጥን፣ ኳስ። ሙሀሲን መርከቡ ጭራ ላይ ከሳይክሎቹ ጋር ቆሞ ውሃውን ያያል። ከኋላው አየሁት። ትከሻው መቼ ነው እንዲህ የጠበበው?

ደሴቷ ላይ ለእኔ አንድ ከባድ ሰማያዊ ሳይክል ተከራየን። ከወደቡ ወዲያው ዳገት ነው። ወርጄ ገፋሁ። እሱ እስከ ላይ ይወጣና ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ይወጣል። «አንተ ሰው ሂድ፣ አትጠብቀኝ» ስለው «የት ልሂድ፣ ደሴት ነው» አለኝ።

ዳገቱ ሲያልቅ መንገዱ ለጥ አለ። አምላኬ፣ ሲያምር! በግራ የዛፍ ጥላ፣ በቀኝ ባሕሩ፣ ራቅ ብሎ ቀዩ ድልድይ ግማሹ ጉም ውስጥ። ነዳሁ። እውነት ነዳሁ። ለጥቂት ደቂቃ ማክሰኞ የሚባል ቀን አልነበረም።

መጀመሪያ ካምፕ ሬኖልድስ ደረስን። የእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ የተሠራ የጦር ሰፈር። የመኮንኖቹ የእንጨት ቤቶች ተሰልፈው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ ባዶ ናቸው። ከታች ካለው ትልቅ የሸክላ ሕንጻ ሥር ሣር ላይ ተቀምጠን ባህረዲን የቋጠረልንን ሥጋ በላን። ሙሀሲን ሰሌዳ የተባለውን ሁሉ ያነባል፣ ለእኔ በአማርኛ ይተርካል። የሚተርከው ነገር ሳይሆን ድምፁ ነው የገረመኝ። እንደ ክፍል ውስጥ። ይሄ ሰው አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እራት በሳይክል ሲያመላልስ ኖረ…

ከዚያ በደቡብ በኩል፣ በነፋሱ። ቁልቁለቱን ፍሬን ጨብጬ ስለወረድኩ ዛሬም መዳፌ ያመኛል። ፎርት ማክዳወል ሌላ የጦር ሰፈር ነው፤ ትልልቅ የሲሚንቶ ፎቆች፣ መስኮት የላቸውም፣ ወፍ ይወጣል ይገባል። ጦር ሜዳ የሚሄዱት እዚህ ያድሩ ነበር አለኝ። የሚመለሱትም። «ሁሉም የሆነ ጊዜ እዚህች ደሴት ላይ ተራ ጠብቋል።»

ትንሽ እንደሄድን ሰሌዳውን አየሁት። የኢሚግሬሽን ጣቢያ።

«ይሄ እዚህ እንዳለ ታውቅ ነበር?»

«ሌላም አለ አላልኩሽም?»

ተናደድኩ። በዚህ ሳምንት፣ ከስንት ቦታ… «እንመለስ» አልኩት። «የመጣሁት ለዚህ ነው» አለ። ሳይክሎቹን አስረን በእግር ወረድን።

የእንጨት ቤት ነው። ከቻይና በመርከብ የሚመጡትን ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ ይይዟቸው ነበር፤ አንዳንዱን ሳምንት፣ አንዳንዱን ወራት፣ ከዓመት በላይ የቆየም አለ። አልጋው የብረት ቧንቧ ነው፣ ሦስት ሦስት የተደራረበ፣ በመሃሉ ሰው ጎኑን አዙሮ ነው የሚያልፈው። ግድግዳው ላይ ግጥም ቀርጸዋል። በላዩ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ግን ይታያል። እጄን ላሳርፍበት ስል መንካት አይቻልም አሉኝ።

የምታስጎበኘው አሮጊት የራሷ አጎት እዚህ ታስሮ እንደነበር ነገረችን። ምን ይጠይቋቸው እንደነበር ዘረዘረች። የቤታችሁ መስኮት ስንት ነው? ከመንገዱ እስከ በሩ ስንት ደረጃ አለ? የሩዝ ማስቀመጫው የት ነው? የልጁ መልስ ከአባቱ መልስ ካልገጠመ፣ ውሸታም ነህ፣ ተመለስ።

ሙሀሲን ሳቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ ግን አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። እጁን ይዤ አወጣሁት።

ከበሩ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከታች ውሃው ጸጥ ብሏል። አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም።

«ሙሀሲን… ገጽ ሰባት ላይ…»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ቀኑን። ችሎት ላይ ሲያነቡልኝ ነው የገባኝ። ስድስት ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ እህቴ ናት የተረጎመችው፣ እሷ ናት የተሳሳተችው አትልም?»

ጫማውን አየ። «ያኔ የዜግነት ኢንተርቪውሽ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።»

«እና?»

«እና የሐሰት ሰነድ አዘጋጀሽ ብለው ቢከለክሉሽስ? ቢያባርሩሽስ?»

«ስህተት ነው እኮ! ለስህተት ማን ሰው ያባርራል? እኔን ጠርተው ቢጠይቁኝ አንድ ወረቀት ፈርሜ ያልቅ ነበር!»

«አሁን ገባኝ። ያኔ አልገባኝም። ፈራሁልሽ።»

«በኋላስ? ዜግነቱን ከወሰድኩ በኋላስ?»

«በኋላማ ተፈርዶ ነበር። ዳኛው ፊት የእኔ ነው ብዬ ምዬ፣ ተመልሼ የእሷ ነው ብል ማን ያምነኛል? ደግሞ… ካወቅሽው እንዲህ እንደምትሆኚ አውቃለሁ።»

ጠበቃ አልጠየቀም። ማንንም አልጠየቀም። ብቻውን ፈርቶ ብቻውን ወሰነ። ቃለ መሐላ የፈጸምኩ ቀን ፎቶ ያነሳኝ እሱ ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ትንሿን ባንዲራ ይዤ። «ሳቂ እንጂ እትዬ!» ይለኝ ነበር። ሳቅኩ።

ትከሻውን በቡጢ መታሁት። ደግሜ መታሁት። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይላል፤ እኔን ነው የሚያጽናናኝ! ሰው ያየናል፤ ይየን።

ስንነሳ ቀስ ብሎ፣ «ማክሰኞ ባልሄድስ? ሌላ ስቴት ብጠፋስ?» አለኝ። ሰኞ ጠበቃዋን ላናግር፣ እስከዚያ ምንም አታድርግ አልኩት።

ፌሪው ሊያመልጠን ነበር። የመጨረሻውን ቁልቁለት ፈርቼ ከሳይክሉ ወረድኩና በእግሬ አልኩ። ሁለቱን ሳይክሎች ግራና ቀኝ ይዞ ሮጠ። እኔ ከኋላው። ደረስን።

ሰኞ፣ ጁን 9

ለጠበቃዋ ሁሉንም ነገርኳት። «ይሄን ለምን እስከዛሬ?» አለች። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈርሜ ሰጠኋት። ኬዙ እንደገና እንዲከፈት ፋይል ታደርጋለች። ተስፋው ቀጭን ነው፣ ግን ተስፋ ነው አለች። ነገ ካልቀረበ ግን ማመልከቻውን ዞር ብለው አያዩትም።

ደውዬ ሂድ አልኩት።

«አንቺ ካልሽ» አለ።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ባህረዲን ነዳልን። ሙሀሲን ከጠበቃዋ ጋር ገባ። እኔና ባህረዲን ከመንገዱ ማዶ ቆምን። ቀትር ላይ ጠበቃዋ ብቻዋን ወጣች።

ሐሙስ፣ ጁን 19

ሌላ ስቴት ወስደውታል። ስሙን ለመጥራት የሚያስቸግር ከተማ። ሦስት ደቂቃ አናገረኝ። መብራቱ አይጠፋም አለ። ትበላለህ? እበላለሁ። ሰላት ትሰግዳለህ? እሰግዳለሁ፣ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ተቋረጠ።

ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በብዕሬ፣ ቀጥሎ በአፌ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። አንድ ገጽ ተኩል። ተርጓሚዋ ተሳሳትኩ ማለቷ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አመልካቹ ራሱ ስህተቱ የእኔ ነው ብሎ መስክሯል ይላል። የእሱን ደግነት ማስረጃ አደረጉበት።

ሚስተር ኬን ዛሬ ምሳውን ጨርሶ በላ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። የፈራልኝ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ከአዲስ አበባ ደወለ። የአክስታችን ልጅ ቤት ነው። ኤርፖርት ስድስት ሰዓት አስቀምጠው ጠየቁት፣ ለቀቁት። «ምን ጠየቁህ?» «ቀን። መቼ ወጣህ፣ መቼ ታሰርክ።» የሚስቅ መሰለኝ፤ አልሳቀም።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እማዬ ጋ እሄዳለሁ። መንገዱ ሲከፈት።»

«ማስተማር…»

«እትዬ፣ ተይው።»

ዓርብ፣ ኦገስት 1

ኮምቦልቻ ገብቷል። ሁለት ሳምንት መንገድ ጠብቆ።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ደወልኩ። ስልኩን ስታነሳ ጀምራለች። «መጣልሽ፣ ባዶ እጁን! አስራ አንድ ዓመት ተቀምጦ! አንድ ወረቀት መጻፍ ያቃተው!» እሱ እዚያው ክፍል ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «ቀኑን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መስከረም አምስትን በፈረንጅ ሳላሰላ አምስት ብዬ ጻፍኩት። በዚያ ነው ውሸታም ያሉት። እሱ ያውቅ ነበር። እንዳልጎዳ ብሎ የእኔ ነው አለ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«በዱዓ ላይ» አለች። «ስንት ጊዜ በዱዓ ላይ ከሰስኩት።» ድምፁ የእማዬ አይመስልም። «አንቺ እየሰማሽኝ? ስሰድበው እየሰማሽኝ?»

«አዎ።»

ስልኩን ለእሱ ሰጠችው። «ለምን ነገርሻት?» አለ በሹክሹክታ። «እኔ ለምጄው ነበር እኮ።»

ዓርብ፣ ኦገስት 22

ከነገርኳት ወዲህ ሦስተኛ ዓርቤ። እማዬ ስልክ አታነሳም። ሌላ ቀንም ሞከርኩ፣ አታነሳም።

ዛሬ ከሥራ በፊት ደወልኩ። ሙሀሲን አነሳ። የአንድ ነጋዴ ልጆች ቤት እየሄደ ሊያስጠና ነው፤ ለሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ሦስቴ። ትምህርት ቤቱ አልፈልግህም ብሎታል። የክረምቱ ዝናብ ግን ጥሩ ነው አለ።

«እማዬስ? ስጠኝ እስቲ።»

«ሰላት ላይ ናት» አለኝ።

እዚያ አስራ አንድ ሰዓት ነው። የአስር ሰላት ከተሰገደ ቆይቷል፣ የመግሪብ ገና ነው።

«እሺ» አልኩት። «ስትጨርስ ሰላም በልልኝ።»